ጣቢያ መረጣ

ሦስት ነጥብ ነበረን፣ ካርታው ላይ በእርሳስ፣
ከቤዛዊት ኮረብታ እስከ ዘጌ ድረስ።
ቤዛዊትን ሰረዝን፤ ሲኖትራክ ያልፍባታል፣
ዘጌንም፤ ጣና እንደሁ ሌት ተቀን ያወራል፤
ለጎብኚ ደስ ይላል የማዕበሉ ጨዋታ፣
ለመሣሪያችን ግን ጩኸት ነው፣ ማታ ለማታ።

ቀረች መሸንቲ።
ባንቺአየሁ መዶሻዋን አነሣች፣
ጥቁሩን ድንጋይ ፈልጣ፣ አሽትታ፣ ልሳ አየች፤
«ይሄ ሰሙ ነው» አለች፣
«ቀልጦ፣ ፈሶ የረጋ፤
ወርቁ ግራናይቱ ነው፣ ከሥሩ የተዘረጋ፤
ካለ ነው እንግዲህ፤ ማን ወርዶ አየው?»

ከኋላችን ሰምቶናል የማሳው ጌታ ልየው።
«ወርቅ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ሄደ፣
በማግስቱ አካፋ ይዞ ከእኛ ቀድሞ ማለደ።
ብንነግረው፣ ብንምል፣
«የምንቀብረው ጆሮ ነው፣ የምናወጣው የለም»፣
ሳቀ እንጂ አላመነም።

ወር አለፈ። መዝገቡን ስንከፍት፣
ምድር ዝም ባለችበት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ትንሽ ትንሽ ንዝረት፤
ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል ዞሮ፤
የልየው እርምጃ ነው፣
አጥር ተሻግሮ።

ባንቺአየሁ «ጫጫታ» ብላ ልትሰርዘው ዳዳትና
እጇን መለሰች፤
«ይቆይ» አለች፣ «እሱም አድማጭ ነውና።»