ገጽ አሥራ አንድ

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
ሰው በደሉን ሲያፈስ፣ እኔ ስደረድር፣
ሃያ ሁለት ክረምት፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
ካፊያው በጎን ገብቶ ካርቦኔን አርሶ፣
ስጽፍ ኖሬያለሁ፦ የድንበር፣ የውርስ፣
የሰውን እሮሮ በገጽ ሒሳብ ሳደርስ።

በቀደም ጦይባ መጣች፣ የሙሄ ባለቤት፣
ፍርዱን በፌስታል ይዛ፤ ሦስት ዓመት እስራት።

ሰኞ ገበያ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር
ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ዕዳ ውጦት ሲቀር፣
ሱቁ በባንክ ታሽጎ፣ ሚዛኑ ተሸጦ፣
ንብረት አጣሪው መጥቶ መሳቢያ ገልብጦ፣
አንድ ደብተር አገኘ፤ የዱቤ መዝገብ ነው፤
ከመሐሉ ዘጠኝ ገጽ የተገነጠለው።

«ለአበዳሪ የሚሆን፣ ሊሰበሰብ የሚችል
ሀብት ሸሽጓል» አለ ዓቃቤ ሕግ፤ «በማታለል
መክሰር ነው።»
«ገጾቹስ?» ጠየቁት ዳኛው።
«ገነጠልኳቸው።»
«ለምን?»
ዝም አለ ሰውዬው፤
የበጋ ቦርከና፣ ድንጋይ ብቻ የቀረው።

«‹አይጥ በላው በል› ብሎ ጠበቃው ቢመክርም፣
‹አይጥ› አለው ሙሄ፣ ‹ስም መርጦ አይበላም።
የከሰርኩት እኔ ነኝ፣ መበለቷ አይደለችም፤
በኔ ዕዳ ከጣሪያዋ ቆርቆሮ አይነቀልም።›
እንዲሁ አድርገህ ጻፍልኝ» አለች።

ጻፍኩ፦ «የይግባኝ ምክንያት፣ አንደኛ፦ ይግባኝ ባይ ለራሱ
ሚስማር አላስቀረም፤ ባዶ ነበር ኪሱ…»
እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።
የኔ ቤት ከሆጤ በላይ፣
አሥራ አራት ቆርቆሮ አለ ጣሪያው ላይ፣
ከነሚስማሩ፣ በዱቤ፤
ገጽ አሥራ አንድ ላይ የፈረምኩት፣ በወሩ ልከፍል አስቤ።
ለመስቀል ስል፣ ለአረፋ ስል፣ ደግሞ ለፋሲካ፣
አምስት ዓመት አለፈ፤ ረስቼው ኖሬ ለካ።

ችሎት ገብቼ «ገጹ እኔ ነኝ» ብዬ ብመሰክርስ?
ያስፈታዋል? ወይስ መሸሸጉን ያጸናበታል ይብስ?

ጦይባ ከመቀነቷ ፈታ መቶ ሃያ ብር ቆጠረች።
አራት ገጽ ነው። ተቀበልኳት።
ሄደች።

ሌሊቱን ዘነበ። በአሥራ አራቱ ቆርቆሮ
ዝናቡ፣ እንደ ታይፕ፣ ፊደል በፊደል ቆጥሮ፣
ስሜን ሲመታ አደረ።

ይግባኙ ለሰኔ ሃያ ተቀጠረ።
እኔ እንደሆንኩ ከደጁ ነኝ፤ ስም ሲጠሩ ይሰማኛል።