ጠራ ያልኩት ውሃ

ከጣና መቶ እርምጃ፣ ሽምብጥ፣ ከጓሯችን፣
ኩሬ ቆፈረች ሚስቴ ሳትሰማ ምክራችን።
«ባሕር ደጅሽ ሳለ ኩሬ ምን ያደርጋል?»
ብያት ነበር እኔ፤ ሰው እንዲህ ይቀልዳል።
«ባሕሩ የሁሉም ነው፤ ይሄ የኔ ነው» አለች፤
ቀሚሷን ሸብ አርጋ አካፋውን ያዘች።

ስፋቱ ሁለት አልጋ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፤
ዐሥራ አንድ ቀረሶ አስገባች አትጠገብ፤
ከአጥማጁ ከታረቀኝ በባልዲ ተቀብላ፣
በነጠላዋ ጫፍ ከፀሐይ ከልላ።

የሌት ፈረቃዬን ጨርሼ ስመጣ፣
አገኛታለሁ ጎህ ሲቀድ ከድንጋዩ ተቀምጣ፤
ማንጎው ያራገፈው ቅጠል ሳይሰጥም
በአሮጌ ወንፊት ዝም ብላ ስትለቅም።

ሕግ ነበራት።
«የሳሙና እጣቢ እዚህ እንዳይደፋ፤
ፍርፋሪም በቁንጥር፣ የተረፈው ነው የሚከፋ።
ውሃው ሲቀየርም ሲሶው ብቻ ይውጣ፤
የቧንቧውም አድሮ ነው፣ መድኃኒቱ ሲወጣ።
ድንጋዩ ላይ ያለውን ያን አረንጓዴ ሽበት
አትፋቀው አደራህን፣ ኩሬው ነው የሚተነፍስበት።»
እሺ እላታለሁ፤ ጆሮዬ ግን ፋብሪካ ቀርቶ፣
ሠላሳ ዓመት መዘውር ጮሆበት፣ ደንቁሮ፣ ተሰላችቶ።

አንድ ክረምት ምናሉ፣ የጎረቤት ልጅ፣
ሐምራዊ አበባ ይዞ መጣ ከባሕሩ ደጅ።
«ለእትዬ አትጠገብ ነው፤ ያምራል» ብሎ ጣለ፤
ልጁ እንዳይከፋው ተብሎ ውሃው ላይ ዋለ።
ዋለ፣ አደረ፣ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ፤
በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰማይ ከኩሬው ተለየ።

እምቦጭ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ቀረሶዎቹ አፋቸውን ከፍተው
በቅጠሉ ስንጥቅ አየር ይለምናሉ ተሰልፈው።
ነቀለችው ከነሥሩ፣ አንዲት ክር ሳታስቀር፤
ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ከባሕር አርቃ፣ ከአጥር ሥር።
ምናሉን አልተቆጣችም።
ሥሩን ስትመዝ ግን አጠገቧ አቆመችው፤
ጭቃውንም፣ ክሩንም፣ በእጁ አስያዘችው።

በጥቅምት ታመመች። በኅዳር ሄደች።
ስለ ኩሬው አንዲት ቃል አልተናገረች።

ለአርባዋ እንግዳ ይመጣል፣ ጓሮው ድንኳን ይዞ፤
ኩሬው ደግሞ አረንጓዴ፣ ደፍርሶ፣ ደንዝዞ።
«የአትጠገብ ኩሬ ቆሸሸ እንዳይሉኝ» ብዬ
ገባሁበት ሱሪዬን እስከ ጭኔ ጠቅልዬ።
ዓሣዎቹን በሳፋ፤ ውሃውን አሟጥጬ ደፋሁ፤
በሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን እስኪነጣ ፋቅሁ፤
በረኪና ነሰነስኩ፤ ከቧንቧው ሞላሁት፤
የታችኛው ጠጠር ተቆጠረ። «ጠራ!» አልኩት።
«መስታወት ነው እኮ» አሉ፣ የመጡት በሙሉ፤
እኔም ደስ አለኝ፣ በአርባ ቀን አንዴ፣ እውነቱን ለመናገር።

ሲነጋ ሆዳቸው ወደ ላይ፣ ነጭ በነጭ።
ምናሉ ቆጠረ፣ ጮክ ብሎ፣ በጣቱ።
ዐሥራ ዘጠኝ።
ወልደው ነበር ለካ። እኔ መቼ ቆጥሬ!

ከማንጎው ሥር ቀበርናቸው። አፈሩን እየደለደለ
«እትዬ እኮ ሲሶው ብቻ ይውጣ ትል ነበር» አለ።
ፍርፋሪውን፣ ሳሙናውን፣ የውሃውን ማደር፣
አንድም ሳያስቀር ደገመልኝ፤ እኔ የት ነበርኩ ያን ጊዜ?
እዚያው ነበርኩ። እሺ እያልኩ።

አሁን ሚያዝያ ነው።
ታረቀኝ አራት ቀረሶ በዚያው ባልዲ አምጥቶልኛል፤
ጠዋት ወንፊቱን ስይዝ ምናሉ በአጥር ያየኛል፤
«ጋሼ፣ ፍርፋሪው በዛ!» ብሎ ይቆጣኛል።
ድንጋዩም ይሸብታል፣ አረንጓዴ፣ ከታች ወደ ላይ።
ትናንት አንድ ዘመድ ቆሞ «ደፈረሰ፤ አይታጠብም ወይ?»
አለኝ።
ወንፊቱን አራገፍኩ እንጂ አልመለስኩለትም።
ከሥር አንዱ ቀረሶ ዞረ፣
ጭራውን አሳየኝና
ወደ ጭለማው ወረደ።