ርክክብ

ደብተሩ ይኸውልህ፣ ሙሉሰው ወንድሜ፤
ስድስት ዓመት ደምበጫን ዞርሁት ተሸክሜ።
ሽፋኑ ተልጧል፣ ያምና ክረምት ገብቶበት፤
ውስጡ ግን ደህና ነው፤ አርባ አንድ ሰው አለበት።

ወረዳው በሪፖርት «ተጠቃሚ» ይላል፤
እኔ በር እላለሁ፤ በር ሁሉ ይለያል።
የእትዬ ውባንችን በር በኃይል አትምታ፤
መርዶ የገባባቸው እንደዚያ ነው ማታ።
ከአጥር ውጭ ቆመህ ስለ ዶሮ አውራ፤
በሩ ይከፈታል ዶሮዋ ስትጠራ።

አቶ እንየው ኪኒኑን «አልውጥም» ይላሉ፤
በሟች ሚስታቸው ወንበር አስቀምጠው፤ ይውጣሉ።
ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤
አንተም አትጠይቅ፤ ጥያቄው አይጠቅም።

ከኋላ ገጽ አለ፣ ደሞዝ የሌላቸው፣
ወረዳው ጨርሶ ያልመዘገባቸው።
ሽታሁን በባጃጅ ዓርብ ዓርብ ይመጣል፤
ቤንዚን የጠፋ ዕለት እየገፋው ይደርሳል።
ጥሩዓለም ከወፍጮው ዱቄት ለብሳ ውላ፣
ማን እንዳላስፈጨ ትነግርሃለች ኋላ።
አዝመራው ጸጉር ቤቱን ሰኞ ቀን ይዘጋል፤
መቀሱን በኪሱ፣ ቤት ለቤት ይዞራል።
እድርማ ለሞት ነው ይላል የሩቅ ሰው፤
የኛ እድር ድንኳኑን
የእማማ ስንዱን ጣራ፣ እሳቸው በቁማቸው፣
ክረምት ነው ያለበሰው።

ምስጋናማ ሰጡኝ፤ በአዳራሽ፣ በጭብጨባ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ጠርዙ ባለ አበባ።
ተቀበልሁ፤ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።
ግን ስሜ ሲጠራ
አዝመራውን አየሁት ከኋላ ወንበር ላይ፣
እጁ እስኪቀላ ለእኔ ሲያጨበጭብ።
ወረቀቱ ከበደኝ።

ጋሽ አንማውን ብቻ በደብተር አልጻፍሁም።
ዐይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤
ሰው በኮቴው ያውቃሉ።
ትናንት ስወስድህ፣ ገና ደጁ ሳለን፣
«ሁለት ናችሁ» አሉ፤
«አንደኛዋ እሷ ናት፤ አንደኛው ይቸኩላል።»
አንተ ደነገጥህ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁ፣
የሚያስተካክሉት ነገር ሳይኖረው።
«ልትሄጂ ነው?» አሉኝ፣ ማንም ሳይነግራቸው።
«ዝውውር ነው፣ ጋሼ። ቡሬ።»
ዝም አሉ።
ተምጫ ሞልቶ ነበር፤ ድምፁ እስከዚያ ይሰማል።
ከዚያ ወዳንተ ዞረው፦
«እንግዲህ ተራመድ፣ ከበሩ እስከ አልጋዬ፤
እንደገና ተራመድ፤ እግርህን ልልመደው።»
ሰባት ጊዜ ሄድህ፤ ሰባት ጊዜ መጣህ፤
ላብህ አንገትህ ላይ።
«በቃ፣ ያዝሁህ» አሉ። «ነገም በዚሁ ና።»

*

ቡሬ፣ በሦስተኛው ሳምንት።

ሙሉሰው፣ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤
አዲሷ እኔ ነኝ አሁን፤ ስሜን እያጠፉ ይጠሩኛል፣
«ያቺ ቀጭኗ» የሚሉኝም አሉ።
የተረከብሁት ዝርዝር ስም ብቻ ነው፤
ስምና ዕድሜ፣ ስምና ቀበሌ፣
ማን ጋ ምን እንደሚባል አንድም የለበት።
አንድ በር ደብድቤ ተሰደብሁ፤ ይገባኛል።

ግን ዐሥራ አራተኛው ረድፍ፣ ጠርዙ ላይ፣
በእርሳስ፣ ልትጠፋ በደረሰች ጽሑፍ፦
«እማማ ጓዴ ሲስቁ አፋቸውን ይሸፍናሉ፤
ጥርስ የላቸውም፤ ዘወር በሉላቸው።»
ዛሬ ሄድሁ። ስለ አቶ እንየው ወንበር ሳይሆን
ስለዚያች ዶሮ አወራኋቸው።
ሳቁ ሲመጣ ዘወር አልሁ፣ ወደ ግድግዳው፤
ከኋላዬ ብዙ ቆየ።

ይህን የጻፈ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤
ከኔ በፊት ሦስት ሰው ተቀያይሯል አሉኝ፤
የማንም እጅ ጽሕፈት አልታወቀም።
ሳላመሰግነው መቅረት ከበደኝ።

ስለዚህ አደራ፦ ሽታሁን አንድ ቀን
«አጎቴ ልጅ ቡሬ ባጃጅ ይነዳል» ብሎ ነበር፤
ስልኩን ላክልኝ። ባጃጅ የሚነዳ ሁሉን ሰው ያውቃል።
ደግሞም ዓርብ ዓርብ ሥራ አለኝ።
ጋሽ አንማውንም ሰላም በላቸው፤
ጮክ ብለህ አይደለም፣
ስትገባ ቀስ ብለህ።