ማታ የት ታድራለች?

«ማታ የት ታድራለች?» አለችኝ በእርጋታ፣
ብዕሯን ደግና በቅጹ ክፍት ቦታ።
የፖርቶ ዝናብ ነው፣ መስኮቱን ያጥባል፤
ጃኬቴ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል።
ስለ ሰው መስሎኝ ልቤ ደነገጠ ቀድሞ፤
«መኪናዋን» አለች፣ ቅንድቧ ተጣሞ።

መኪናዋ ቀይ ናት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣
ጣሪያዋ የሚታጠፍ እንደ አሮጌ ደብተር፤
መሪዋ በቀኝ ነው፣ ታርጋዋ የእንግሊዝ፣
ጭስ ማውጫዋ ጎርናና፣ ጎረቤት የሚያናዝዝ።

ሚስተር ፔል ነው የተወልኝ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ
ገላውን ሳጥበው፣ ሲያንቀላፋ ስጠብቅ፣
ሲቃዥ እንኳ ሳይቀር እሷ ነበረች ወሬው።
ሚስቱን አንዴ ብቻ አነሣት፣
ያውም በጋራዡ በር ስናልፍ፣ ስገፋው በጋሪው።
ኑዛዜው ላይ ጻፈ፦ «ቁልፉ ለአያልነህ፤
ሳምንት እንዳታልፋት ሳታሞቃት ወጥተህ።»

እኔማ መስሎኝ ነበር ውርስ ማለት ማግኘት።
ለካስ ውርስ ቅጽ ነው፣ ቴምብር ነው፣
ወረፋ መያዝ ነው ከጠዋት።
የእንግሊዙ መድን «ፖርቶን አላውቅም» አለ፣
የፖርቶው መድን ደግሞ «ታርጋዋስ የታለ?»
የእኛን ማለቱ ነው። የራሷማ አለ፣
ነጭ ከፊት፣ ቢጫ ከኋላ፣ በአራት ብሎን የተቸከለ።
ጉምሩክ ቀን ቆጠረ፦ «ይህን ያህል ቀን እንግዳ፣
ከዚያ ወዲያ ነዋሪ፣ ከዚያ ወዲያ ባለ ዕዳ።»

እኛ ጋ ዳኛ ፊት «ዋስ ጥራ» ሲባል
ከኋላ አንድ ጎረቤት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
«እኔ አለሁ» ይላል።
ለብረት ማን ጉሮሮ ይጠርጋል?

«የፈረስ ጉልበቷ? ማን ማን ይነዳታል?
ተጋጭታ ታውቃለች? ዋጋዋ ስንት ይገመታል?»
ስሜን ልትጽፍ ሞክራ፣ «ሴኞር አያ…» ብላ ቆመች፤
ሳታውቀው ታላቅ ወንድም አድርጋ ሾመች።
(እናቴ ቤት ስምንተኛ ነኝ። ከእኔ በታች ድመቷ ብቻ ነበረች።)

ያልነገርኳት ብዙ ነው። የመንገድ ክፍያው ኬላ ላይ
ቲኬቱ በግራ ይወጣል፣ እኔ የቀኝ ተሰቃይ፣
ቀበቶ ፈትቼ በባዶው ወንበር ላይ
እንደ ዋናተኛ እዘረጋለሁ፤
የኋላው ጡሩምባ ሲያጣድፈኝ፣ ሳንቲሙ ሲወድቅ፣ እለቅማለሁ።
አንድ ቀን እዚያው ተንጋድጄ ገባኝ፦
ይህች መኪና የተሠራችው ለሁለት ነው፣
ለሚነዳና ቲኬት ለምትቀበል።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጋራዥ ያልወጣችው
ለዚህ ኖሯል።

«ሴኞር፣ ማታ የት?» አለች ደግማ።

ጋራዡ ተሸጧል፣ ከነቤቱ፣ ከነሎሚው ዛፍ።
አሁን ሚራጋያ ቁልቁለት ላይ ናት፣
ድንጋይ ጎማዋ ሥር፣ ከዓሣ ሻጯ ደጃፍ።
ሰኞና ማክሰኞ ግን የማድረው ከዶና ኢሳልቲና ዘንድ ነው፣
ኦክስጅኗን ስጠብቅ፤ ረቡዕ ከሌላ፣ ሐሙስ ከሌላው።
እሷም ትከተለኛለች፣ በየሕመምተኛው በር፤
እንዲህ ነው የምኖር።
ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አልጋ ራስጌ ሳድር
የት እንዳደርኩ የጠየቀኝ ቅጽ አልነበረም።
ለብረት ግን ተጠየቀ። ተቀየምኩ ልበል? አልተቀየምኩም።

«ቋሚ አድራሻ ከሌለ መድን የለም» አለች።
እኔም ዝም አልኩ፣ እሷም ዝም አለች።
ማኅተሙን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣
ወደ አለቃዋ በር አየች፣
ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አጎቴ» አለች፣ «ጋያ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣
ባዶ በርሜል የሚያከማችበት አንድ መጋዘን አለው።
ጣሪያው ትንሽ ያፈሳል፣ ሴኞር አያ።»