ለአንድ ሰዓት እንኳ

ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ በየወሩ አንዴ
ከሞሚ ወንዝ ማዶ ይዞራል መንገዴ፤
የቶሌዶ በረዶ ጫማዬን አርሶ፣
ነፋሱ በጓንቴ ቀዳዳ ደርሶ፣
ደወል እጫናለሁ። በሩ ገርበብ ሲል፣
ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ፣
እንደ ተማርኩት እላለሁ፦
«ባለፈው ሳምንት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ፣
በክፍያ ሠርተዋል?»

አንዷ ሰዓት ናት ወሰኑ፤
ከዚህ ሠራተኛ የሚባሉ፣
ከዚያ ደግሞ የሚመነምኑ።

(ከዚህ በታች የምጠራው ስም የማንም አይደለም፤
ምሥጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ።)

ዴሺራ ሆልካም፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፎቅ ላይ፣
የሰው ውሻ አንሸራሽራ ሃያ ዶላር አገኘች።
«ስንት ሰዓት ወሰደ?»
«አንድ ከሩብ። ውሻው ሰነፍ ነው» አለች።
«ሠራተኛ» የሚለውን ሳጥን ነካሁት።
ከትከት ብላ ሳቀች፦ «በል ለቤቱ ባለቤት
ደብዳቤ ጻፍልኝ! ሠራተኛ ነሽ ብሎኛል መንግሥት፤
ኪራዩን ከውሻው ይቀበል።»

ውብሸት በላቸው፣ መጋዘኑ ሳይዘጋ የሌሊት ተቆጣጣሪ፣
ሚስቱ እንዳትሰማ ወደ ደረጃው ስቦኝ፣
«በእንግሊዝኛ ጠይቀኝ» አለኝ።
«በእነሱ ቋንቋ የአየር ጠባይ ነው፤ ደመና ነው፣ ያልፋል፤
በእኛ ግን ስድብ ነው፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።
ሥራ አጥ በለው ትለኝ ይሆናል፤ እሱ የዜና ቃል ነው፣
በሠፈሬ ማን ያውቀዋል?
ሥራ ፈት! እስቲ ፍረደኝ፣
ማን ማንን ፈታ? እኔ ነኝ?
ዘጠኝ ዓመት ሌሊቴን የሰጠሁት፣
በዓል ሳልል፣ ወገቤን ሳልል ያከበርኩት?
እሱ ነው የፈታኝ። ያውም በኢሜይል፣
ሽማግሌ ሳይልክ፣ ምን አጠፋህ ሳይል።»

በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት።
በእንግሊዝኛ መለሰ። አጭር ነበር።

ሬይመንድ ቶርዳይ ግን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስታወት ምድጃ ፊት፣
ቅንድቡን በልቶት ቀርቷል ያ እሳት።
መስከረም ላይ «አሥራ አራት ማመልከቻ» አለኝ፣ ከነዝርዝሩ።
ጥቅምት ላይ ስድስት። ኅዳር ላይ ሁለት፤
አንዱ ከዓመት በፊት ለተዘጋ ድርጅት።
ታኅሣሥ ላይ ጥያቄውን ሳልጨርስ፣
«የለም» አለ። «ፍለጋውስ?»
«እሱም የለም።»

አራት ሳምንት ያልፈለገ ሰው፣ በደንቡ፣
ሥራ አጥም አይባል፤ ከስሌቱ ይወጣል።
ከሥራ ወጥቶ ነበር፣ አሁን ከማጣቱም ወጣ።
ጣቴ ሳጥኑን ነካች። ሬይመንድ ሻይ አመጣ።

በጥር፣ መኪና ውስጥ፣ ሬዲዮው አበሰረ፦
በከተማችንና በዙሪያዋ የሥራ አጡ ቁጥር ወረደ።
ተንታኙ ደስ ብሎታል፤ ከድምፁ ያስታውቃል።
እኔ ከወረዱት አንዱን አውቀዋለሁ፤
ወርዶ የት እንደ ተቀመጠ፣
በየትኛው ወንበር፣ የትኛውን ግድግዳ እያየ።

የእሱ ቤት ከዚያ ወር ጀምሮ ከዝርዝሬ ወጥቷል፤
ተራው አልቆ ሌላ በር ተመርጧል።
ግን መንገዴ ነውና በደጁ ሳልፍ፣
ከፍቶ ጠበቀኝ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣
ጢሙ ተላጭቷል።
«ዘገየህ» አለኝ። «ጠይቀኝ።»

ታብሌቴ መኪና ውስጥ ነው፣ ጠፍቶ።
ማንም አይደምረውም፣ ማንም ለመቶ አያካፍለው።
ካልሲዬ እንደራሰ፣ ደፉ ላይ ቆሜ፣
ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ፣
«ባለፈው ሳምንት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ…» አልኩት።

እስክጨርስ ታገሠ። አሰበ። የጎረቤቱን ደጅ
በአካፋው አመለከተኝ፤ በረዶው እስከ አስፋልቱ ተጠርጓል።
«አንድ ሰዓት ከሃያ» አለ። «ክፍያ የለውም።
ግን ጻፈው።»

ኪሴን ዳበስኩ፤ እስክሪብቶ ፈለግኩ።