የቀለበት ጣት

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት በወረቀት፤
ርእሰ መምህሩ ለምረቃው ዕለት
«የሚያንቀጠቅጥ ምረጪ» ብለውኛል፤
አሥራ አራት ልጅ፣ ዘጠኝ ቫዮሊን ይጠብቀኛል።
ቼሎው እግሩ ተሰብሮ በጡብ ቆሟል፤
ከኋላው እንየው ቢፈልጉት ጠፍቷል።

ትዝታን አነሣሁ። ጆሯቸው ያውቀዋል፤
ከአዘዞ ፒያሳ ታክሲ፣ ከሰርግ ቤት ቀድተዋል።
ባዶ ክር፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ አበቃ፤
የቀለበት ጣት ግን ተኝቶ ሳይነቃ
ዜማው ያልቃል። ጭብጨባው ይቀልጣል።
እሱ እንደ ሚዜ አጊጦ ተቀምጧል።

ፈጣኑንስ ብል? ቀስቱን እንደ አንካሴ ጨብጠው
ክሩን ይፍቁታል፤ ዜማ ከየት ይምጣው?
ያንን ለከርሞ አልሁ፣ ከመሳቢያ ከተትሁ፤
መስኮቱን የአንገረብ ነፋስ ሲመታው ሰማሁ።

ባቲን መረጥሁ፤ ስምንት መስመር፣ ዝግ ያለ፤
ሁለት ጣት ትከሻ ለትከሻ ካልዋለ
የማይገኝ ድምፅ አለው። ቀስቱም
ከተረከዝ እስከ ጫፍ ካልሄደ
እመንገድ ላይ ዜማው ተዋረደ።
(ለእንየው ቼሎ የጣቱ ሒሳብ ሌላ ነው፤
እሱን ለብቻው፣ በረፍት ሰዓት ነው።)

ሦስት ሳምንት ሙሉ የዛገ በር መክፈት፣
የድመት ጭራ መርገጥ። ርእሰ መምህሩ ቆመው በመስኮት
«ይኸው ነው?» አሉኝ።
«ይኸው ነው።»

በአራተኛው ሳምንት አትጠገብ ጮኸች፤
ሳማ እንደ ነካት እጇን አራገበች።
«ቲቸር፣ አመመኝ፤ ግን ሰማሽው?»
ሰማሁት። ሁላችን ሰማነው።
ጣቷን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፦
ከጫፉ ላይ ክሩ ያሰመረበት
ቀጭን መስመር፣ ቀለበት አይሉት።