የአክተሩ እህት

ሄርማታ፣ ከመርካቶው ጀርባ፣ ያ የቆርቆሮ ቤት፣
መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ የጋረዱበት፤
ተማም ደጁ ላይ ተቀምጦ፣ ጣሳውን ታቅፎ፣
ሃምሳ ሳንቲም ይለቅማል፣ ወንዱን ሁሉ አሰልፎ።
«ሴት አይገባም» የሚል ጽሑፍ አልነበረም፤
እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልከለከለኝም።

ሃምሳዋ የኔ ነበረች፤ ከእንቁላል መልስ ላይ የሸሸግኳት፣
ሙዘይን ወንድሜ በላብ መዳፉ እንደ ክታብ የጨበጣት።
እሱ ይገባል።
እኔ ከግድግዳው ሥር፣ ጭቃው መሃል ድንጋይ ፈልጌ፣
ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አስጠግቼ፣
ተኩስ እቆጥራለሁ፦ ሦስት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ሁለት፣
ከዚያ የመኪና ጩኸት፣
ከዚያ የወንዶቹ ፉጨት።

ማታ መብራት ይጠፋል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይወግራል፤
ከብርድ ልብሱ ሥር ሙዘይን ፊልሙን ይጀምራል።
ጣቱ ሽጉጥ ነው፤ ጉንጩ ሄሊኮፕተር፤
ምራቁ ፊቴ ላይ ሲረጭ፣ ያ የመርከቡ ባሕር።
«አክተሩ አይሞትም፣ አትፍሪ» ይለኛል፤
«ግን ጥይቱ አለቀ፤ ግን ከበውታል...» ያስጨንቀኛል።
«ያኔ በሩ ብርግድ! እህቱ ናት፤ ማንንም ሳትፈራ፣
ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ጥይት በሻሿ ቋጥራ።»

ስንት ሌሊት ያን በር ከፍቼ ገባሁ።
አንዳንዴ ሳይነግረኝም፣ ተኝቼ፣ ገባሁ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ተማም ቤት ሞባይል ይጠገናል፤
አዌቱ ያው ነው፣ በክረምት ድልድዩን ይታከካል።
የሙዘይን ልጅ ኢክራም ላፕቶፗን ከፈተች፤
«አክስቴ፣ ይሄን አሮጌ ፊልም አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለች።
«አላየሁትም» አልኳት፤ «በቃሌ ነው የማውቀው።»
ሳቀች፤ ማጫወቻውን ነካችው።

አክተሩ አጭር ሰው ነው። በኔ ልብ የጅሬንን ጋራ ያክል ነበር።
እሳቱም የከሰል ምድጃ፤ ጠባብ ነው ያ ሁሉ ባሕር።
ተኩሱን ግን አውቀዋለሁ። «ሦስት» አልኩ፤ ሦስት ተተኮሰ።
«አሁን ዝም ይላል» አልኩ፤ ዝም አለ። «ሁለት» አልኩ፤ መስታወት ፈረሰ።
ኢክራም ፊልሙን ትታ እኔን ታያለች።

ጥይት አለቀበት። ከበቡት።
ወደ በሩ አየሁ፤ ግራጫ ነው፣ ብረት።
ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት።
አልተከፈተም።
አክተሩ ራሱ ቧንቧ ነቅሎ፣ ራሱ መትቶ ጨረሰ፤
ጽሑፍ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፣ ሙዚቃው አለቀሰ።
«እህቱስ?» አልኩ።
«የምን እህት?»
ወደ ኋላ መልሰን አየን፤ ሁለቴ። የለችበት።

ደወልኩለት። ቦንጋ መንገድ ላይ ነው፤ አይሱዙው ያጓራል።
«ፊልሙን አየሁት» አልኩት፤ «በሩ ዝግ ነው። እህትም የለው።»
ማርሽ ሲቀይር ይሰማኛል፤ ዳገት ይዞ ይሆናል።
ሳቀ፣ ሳል ይመስላል፤ ደግሞ ዝም አለ አንዴ፤
«ታዲያ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ሃምሳዋ ያንቺ አልነበረችም እንዴ?»